ፍላሽ ክልክል በሆነበት ሱቅ

አቃቂ ገበያ አጠገብ የጽሕፈትና የኮፒ ሱቅ በነበረኝ ጊዜ በሩ ላይ «ፍላሽ ማስገባት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ወረቀት ለጥፌ ነበር። ሰው አንብቦ ስለማይሰማ የኮምፒውተሩን የፍላሽ መሰኪያዎችም በፕላስተር ሸፈንኳቸው። ምን ላድርግ? ያኔ የከተማው ቫይረስ ሁሉ በፍላሽ ነበር የሚዞረው። ያለኝ ደግሞ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ብቻ፤ ስክሪኑ እንደ ሣጥን የገዘፈ፣ ሲነሳ የሚያጓራ።

በዚያ ክረምት አንደኛ ክፍል ያስተማሩኝ ቲቸር ደንበኛዬ ሆኑ። ሰርተፍኬት ብቻ ያላቸው መምህራን ዲፕሎማ ይያዙ ሲባል፣ እሳቸውም ፀጉራቸው ከሸበተ በኋላ በየክረምቱ እየተማሩ መጨረሻው ላይ ደርሰዋል። የቀራቸው የመመረቂያ ጽሑፋቸው ነው፤ ልጆች ማንበብ ለምን እንደሚከብዳቸው። «ራሴ ነኝ የምጽፈው» ብለው ሱቄ እየተመላለሱ በሁለት ጣት እየለቀሙ ጻፉት። ሰኞ ካላስረከቡ ምርቃቱ ለሌላ ክረምት ይተላለፋል።

ዓርብ ጠዋት ኮምፒውተሩን ሳበራው ሰማያዊ ነገር አሳየኝና ጠፋ። ደግሜ አበራሁት፤ ያው ነው። ቲቸር ከኋላዬ ቆመው «ምን ሆነ ልጄ?» አሉኝ። ሌላ ቦታ ያስቀመጥነው ኮፒ የለም። ፍላሽ የከለከልኩት እኔው!

ጎረቤቴን ጠራሁት፤ ሞባይል የሚጠግንና ዘፈን የሚጭን የስልጤ ሰው ነው። አየት አደረገና «ፎርማት ይደረጋ» አለ።

«አብደሃል እንዴ? የቲቸር ጽሑፍ ይጠፋል! እንዳትነካው!»

«እሺ በቃ፣ አትጩሂብኝ። በሌላ በር እንገባለን።»

ሄዶ አንድ ፍላሽ ይዞ መጣ። ፍላሹ ላይ ራሱን የቻለ ሲስተም አለ፤ ኮምፒውተሩ የተበላሸውን ዊንዶውስ ትቶ በእሱ ይነሳል። ፕላስተሩን እየላጠ «ክልክል አልነበረም እንዴ?» ሲለኝ በጥፊ ብመታው ደስ ባለኝ ነበር።

አሮጌ ዕቃ ግን አመለኛ ነው። መጀመሪያ ከምን እንደሚነሳ ለመቀየር ልክ ሲበራ «ዲሊት» የምትለዋን ቁልፍ መጫን ያስፈልጋል። የኔ ስክሪን ደግሞ እስኪሞቅ ጨለማ ነው፤ አንድ ነገር ሲታይ ጊዜው አልፏል። «እኔ ልጫን» አሉ ቲቸር። እኔ ሳበራው እሳቸው ጨለማው ላይ አፍጥጠው ቁልፏን ቀጠቀጧት፤ ገባልን! ምን ዋጋ አለው፣ ፍላሹ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ጎረቤቴ ራሱን ሲያክ ቆየና ኮምፒውተሩን አጥፍቶ፣ ፍላሹን በኋላ በኩል ሰክቶ እንደገና አበራው። ለካ ሳይበራ በፊት ነው መሰካት የነበረበት! ዝርዝሩ ላይ ከሃርድ ዲስኩ ሥር ተደብቆ አገኘነውና ከእሱ እንዲነሳ ወደ ላይ አወጣነው።

ተነሳ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። የቲቸርን ፋይል ፈልገን ስንከፍተው ግን አንድም የአማርኛ ፊደል የለም፤ የተዘበራረቀ የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ብቻ።

«ወይኔ ልፋቴ!» ብለው ቲቸር ወንበሩ ላይ ዘጭ አሉ።

«ቫይረስ በልቶታል» አለ ጎረቤቴ።

እኔ ግን ወደ ስክሪኑ ተጠጋሁ። ትኩር ብዬ ሳየው አንቀጾቹ በቦታቸው ናቸው፤ ሠንጠረዡም አለ። «ቆይ ቆይ! ፎንቱ ነው! ይሄ ሲስተም የኛን የአማርኛ ፎንት አያውቀውም እንጂ ጽሑፉስ አለ!»

ቲቸር አላመኑኝም። ፋይሉን በሌላ ፍላሽ ገልብጠን አስፋልቱን ተሻገርን፤ ማዶ ያለችው ተፎካካሪዬ ያንኑ ፎንት ትጠቀማለች። እሷም ፍላሽ ከልክላለች፤ ለምኛት፣ ተለማምጫት ፈቀደች። ፋይሉ ሲከፈት ፊደሉ ከላይ እስከ ታች ጥርት ብሎ መጣ። ቲቸር የመጀመሪያውን ገጽ ጮክ ብለው አነበቡት። እኔ አለቀስኩ። ደስ ሲለኝ እንደዚህ ነኝ።

ሰኞ ጽሑፉን አስረክበው ከታክሲ እንደወረዱ በቀጥታ ሱቄ መጡ።

«እንኳን ደስ አለዎት ቲቸር! አሁንማ ይረፉ» አልኳቸው።

«የምን ማረፍ?» አሉ፣ ወንበር ስበው እየተቀመጡ። «ዲግሪው አለ አይደል እንዴ?»