የቅሬያችን መጠባበቂያ

ቆቦ ባለው የባንካችን ቅርንጫፍ የብድር ሠራተኛ ነኝ። አምና አዲስ መመሪያ መጣ፤ ድርቅና ጎርፍ ለሚያሰጋው አገር የሚያበድር ባንክ፣ ለክፉ ቀን የሚሆን ተጨማሪ ካፒታል ከራሱ ለይቶ ያስቀምጥ ይላል። መመሪያው ክፋት የለውም፤ ሰማዩ እንደ ድሮው አለመሆኑን ከራያ ቆላ ሰው በላይ ማን ያውቃል? ክፋቱ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ወጪውን ፈርቶ ቆላውን እንዳለ ከብድር ሊያስወጣ መነሣቱ ነበር። የራሳቸው መጠባበቂያ ያላቸው ተበዳሪዎች ብቻ ብድር ያገኛሉ ተባለ።

ማን መጠባበቂያ እንዳለው ሊያይ ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ አጥኚ መጣ፤ ከጎብዬ ወረድ ብሎ ወዳለው የትውልድ ቀበሌዬ የወሰድኩት እኔ ነኝ። አባቴ ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድነት የሚቀብርበት እድር፣ በእኛ አጠራር የቅሬው፣ ዳኛ ነው። ቅሬው ለውኃ ፓምፕ ብድር ጠይቋል። ፓምፑ ካልተገዛ የከርሞው ማሽላም እንደ አምናው ግማሹ በቁሙ ሊደርቅ ነው።

"ድርቅ ቢመጣ ምን አላችሁ?" አለ አጥኚው፣ በዓይኑ ጎተራ እየፈለገ።

"እግዜር አለ" አሉ ከተሰበሰቡት የቅሬው ሽማግሌዎች አንዱ።

"አላህ አለ" አሉ ሌላው።

ሁለቱንም የሚጽፍበት ቦታ አላገኘም መሰለኝ፣ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ።

ተናደድኩ፤ ሳቄም መጣ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! በደግ ዘመን ከየአውድማው ተዋጥቶ ጉድጓድ የገባ የቅሬው ማሽላ አለ። የየቤቱ እህል ሳያልቅ አይነካም፤ ከተነካም አዲስ እህል ሲወቃ መጀመሪያ የሚተካው እሱ ነው። ይህ ከባንኩ መመሪያ በምን ያንሳል? ግን የጉድጓዱ አፍ በአፈር ተደፍኖ ከብት ይሄድበታል፤ የት እንዳለም ለባዳ አይነገርም። ስንት ክፉ ጊዜ የታለፈው በዚህ ዝምታ ነው። እኔም የአገሩ ልጅ ነኝና፣ የባንክ ደመወዝ እየበላሁ አብሬ ዝም አልኩ።

አጥኚው "እንግዲህ ምንም የላቸውም" ብሎኝ ወደ መኪናው ሊዞር ሲል አባቴ ጠራኝ።

"ልጀ፣ ይኸ ሰው ያንቺ እንግዳ ነው?"

"የኔ ነው፣ አባየ።"

"እንግዲያስ ባዳ አይደለም።"

ሽማግሌዎቹን ዞር ዞር ብሎ አያቸው፤ እምቢ ያለ የለም። ዶማውን አነሣ። በአባቴም፣ በእነዚያ ሰዎችም የዚያን ዕለቱን ያህል ኮርቼ አላውቅም።

"እንግዳየ" አለ ወደ አጥኚው ተጠግቶ፣ "እግርዎን ትንሽ ያንሱልኝ። የቆሙት መጠባበቂያው ላይ ነው።"