የኮሪደሩ ጠረጴዛ

ሰውዬውን እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ። አንባቢ ከእኔ ሚዛናዊነት እንዳይጠብቅ ይህን ቀድሜ ልናገርና ልገላገል። «እሳቸው» እንድለው የሚፈልግ ካለም ይቅር ይበለኝ፤ እሱ ራሱ አባቱ የሚሆን ሰው እንኳ አንቱ ብሎ አያውቅም። ባሕር ዳር ውስጥ የአንድ ትልቅ ቢሮ ኃላፊ ነበር፤ ስብሰባ ሲገባ ሁሉም ብድግ የሚልለት፣ በቴሌቪዥን ስለ መልካም አስተዳደር ሲናገር ምላሱ ማር ማር የሚል ሹም። እኔ የእሱ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርሁ።

ሥራው ቀላል ይመስላል። ሰኞ ሰኞ የማኔጅመንት ስብሰባ አለ፤ ጥግ ላይ ተቀምጬ የተባለውን በረቂቅ ደብተሬ እይዛለሁ፤ ከዚያ ቢሮዬ ገብቼ አሳምሬ እገለብጠዋለሁ። ማሳመር የምለው እንዲህ ነው። ሹሙ «አንተ ደንቆሮ፣ ለመሆኑ ማን ነው የቀጠረህ?» ካለ «በአፈጻጸም ላይ ጠንከር ያለ አስተያየት ተሰጥቷል» እላለሁ። ፋይል ወርውሮ የሰው ፊት ላይ ካሳረፈ «ሰነዱ እንዲስተካከል ተመልሷል» እላለሁ። እንዲህ አድርግ ያለኝ ሰው የለም። ከእኔ በፊት የነበረውም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው፤ የቢሮ ቋንቋ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው።

ሌላም ልማድ ነበረን። የፊርማው ገጽ የሚዞረው ስብሰባው ሲጀመር ነው። በኋላማ ሰው ይበታተናል፤ ፊርማ ለመልቀም ቢሮ ለቢሮ መንከራተት ይመጣል። ስለዚህ ጽሑፉ ገና ሳይጻፍ ሁሉም ባዶው ገጽ ላይ ይፈርማል። በኋላ ተመልሶ ያነበበ ሰው አላስታውስም።

አንዲት የዕቅድ ባለሙያ ነበረች፤ የወረታ ነጋዴዎች ልጅ፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ሥራዋን ጠንቅቃ የምታውቅ፣ ሰኞ ሰኞ ከእኛ ጋር የምትሰበሰብ። አንድ ሰኞ ሹሙ ወደ በላይ ሊልከው የነበረውን ሪፖርት አየችና «ይህ ያልተሠራ ሥራ ነው፤ ተሠራ ብዬ አልጽፍም» አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥርስ ነከሰባት። ሪፖርት አቅርቢ ብሎ ያስቆማትና እሱ ስልክ ያወራል፤ እስኪጨርስ መቀመጥ የለም። ጣና ዳር እምቦጭ ነቀላ የወጣን ቀን፣ ካሜራው ሲመጣ፣ ቦቲው ሳይረጥብ ዳር ላይ ቆሞ እሷን «ገባ በይ እንጂ!» አላት። ረጅም ቀሚሷ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ወገቧ ድረስ ገባች። «ዋና አልችልም» አለች። «ምን ትችያለሽና!» ብሎ ሳቀ። ከሳቁት መካከል እኔም አለሁበት። በማግስቱ «ሠራተኞች በከፍተኛ ተነሳሽነት ተሳትፈዋል» ብዬ ጻፍሁ።

በመጨረሻ ጠረጴዛዋን ከቢሮ አስወጥቶ ኮሪደር ላይ፣ መጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ አስቀመጠው። አራት ወር እዚያ ተቀመጠች። ባለጉዳይ ሁሉ የመጸዳጃ ቤቱ ጠባቂ እየመሰለችው ሶፍት ይጠይቃት ነበር። እኔ «የሥራ ቦታ ሽግሽግ ተደርጓል» አልሁ።

እሷ ግን አቤቱታ ጻፈች። ከበላይ አካል ሦስት አጣሪዎች መጡ። ነገሩ ግልጽ ነበር፤ በደሏን ካስረዳች ትተርፋለች፣ ካላስረዳች የሹም ስም አጥፍተሻል ተብላ ትባረራለች። ምስክር ሁኑኝ ስትል ቢሮው በሙሉ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። የአጣሪዎቹ ሰብሳቢ ሸምገል ያሉ ሰው ነበሩ፤ ጸሐፊ ይዘው ስላልመጡ «አንተው ያዝልን» አሉኝ። እንደ ልማዳችን የፊርማውን ገጽ አዞርሁ። ሦስቱ ፈረሙ፤ ሹሙ ፈረመ፤ እሷም ፈረመች።

«ማስረጃ አለሽ ወይ፣ ልጄ?» አሏት ሰብሳቢው።

«የሰኞ ሰኞውን ቃለ ጉባኤ ይዩልኝ፤ ሁሉም ነገር እዚያ አለ» አለች። ፍጹም እርግጠኛ ነበረች።

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። «ባለሙያዋ የቀረበላትን ገንቢ ሂስ በጸጋ ተቀብላለች።» ከዚያ የመጨረሻውን ገጽ አዞሩላት። «ይህ ያንቺ ፊርማ አይደለም?»

«ነው» አለች። ሹሙ ወንበሩ ላይ ተደላደለ።

ወደ እኔ ዞረች። የተቆጣች አልመሰለችኝም፤ ግራ የገባት ነበር የምትመስለው። «እሳቸው ሲሰድቡኝ ብዕርህ ሲሄድ አይ ነበር» አለችኝ። «ቢያንስ ተጻፈልኝ እያልሁ ነበር የምጽናና።»

ስለ ጀግንነት አላወራም፤ በራሴ አፍሬ ነበር። ረቂቅ ደብተሬን ከቦርሳዬ አወጣሁ። በጥድፊያ የተሞነጫጨረ ቢሆንም ስድቡ ሁሉ ቃል በቃል ከነቀኑ እዚያ አለ። ቆሜ ማንበብ ጀመርሁ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ሹሙ «ዝም በል፣ አንተ ውሻ!» ብሎ ጠረጴዛውን ደበደበው። ሰብሳቢው ደግሞ ለእኔ እጃቸውን አነሡ። «ይህ ከሥርዓት ውጭ ነው። ቃለ ጉባኤው ውስጥ እንዳይገባ፤ አትጻፈው።»

ተቀመጥሁና ጻፍሁት። ስድቡን፣ እምቦጩን፣ የመጸዳጃ ቤቱን በር፣ ሁሉንም ያሳመርሁት እኔ መሆኔን፣ «ውሻ» መባሌን፣ «አትጻፈው» መባሌንም። አምስቱ ፊርማዎች መጨረሻው ገጽ ላይ ቀድመው ተቀምጠው ነበር። ማህተም አስመታሁና በዚያው ቀን ወደ በላይ ላክሁት። እስኪደርስ ድረስ ማንም አላነበበውም።

ሹሙ ምንም አልሆነም፤ ወደ ሌላ ወንበር ተዛወረ። አሁንም በቴሌቪዥን ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። እሷ አልተባረረችም፤ ጣና ወደሚታይበት ቢሮዋ ተመለሰች። እኔ «የተቋሙን ሰነድ አዛብቷል» ተብዬ ከደረጃዬ ዝቅ አልሁ። አዲሱ ኃላፊ የማስቀምጥህ ቦታ የለኝም ብሎ የኮሪደሩን ጠረጴዛ ሰጠኝ።

በየጠዋቱ በአጠገቤ ታልፋለች። ሰላም አትለኝም። አልቀየማትም። እሷ እዚህ በተቀመጠችባቸው አራት ወራት፣ እኔ በዚህ ሳልፍ ስልኬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ የማወራ እየመሰልሁ ነበር የማልፈው።