ሄስኬት ላቦርድ አጥር የዘለለ ዕለት

ሄስኬት ላቦርድ ጨዋታ አቋርጦ፣ የክሪኬት መምቻውን እንደያዘ አጥር ዘሎ፣ ታላቅ እህቱን ሊደበድብ ሄደ ይባላል። ደብድቧታልም የሚሉ አሉ። ሁለት ጥርሷን አራግፎታል ብለው የሚጨምሩም አልጠፉም። የዶርካስ ላቦርድ ጥርስ ግን ዛሬም ሙሉ ነው፤ የተጠራጠረ ሄዶ ሸንኮራ ስትመልጥ ይያት።

አጥሩን መዝለሉ እውነት ነው። መምቻውንም ይዞ ነበር። ተናዷል ወይ ለሚል ደግሞ፣ ሄስኬት ያልተናደደበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው በሰፈራችን በፔሊካን ቤይ የለም፤ ያዋለደችው ሴትዮ እንኳ «ሲወጣም ተቆጥቶ ነው የወጣው» ስትል ኖራ ሞተች። የሄደው ግን ሊማታ አልነበረም። የሄደው እህቱ አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ቀና ብላ እንድታየው ነበር።

እናታቸው ቀድማ ስለሞተች፣ አባታቸውም ባሕር ላይ ስለሚከርም፣ ልጁን ያሳደገችው ዶርካስ ናት። ክሪኬት ያስተማረችውም እሷው ናት። የአባቷን የመረብ ቡሽ በጨርቅና በሲባጎ ጥብቅ አድርጋ ትጠቀልልና ጎድን ጎድኑን ትለው ነበር። ሲሸሽ «ወዴት ነው? መሸሽ ያለባት ኳሷ ናት!» ትለዋለች። ሲያለቅስ ደግማ ትወረውርበታለች። እንዲህ ያደገን ሰው ኋላ ላይ «ረጋ ብለህ ተጫወት» የሚሉት ሰዎች ምን አስበው እንደሆነ እንጃ።

ሃያዎቹን ሲጀምር የእኛንና የጎረቤቶቻችንን ደሴቶች ለሚወክለው ለደሴቶቹ ቡድን ተመረጠ። ሌላው ወይ ይወረውራል ወይ ይመታል፤ እሱ ግን ሁለቱንም ነበር፣ ሁለቱንም በጥላቻ። ሲወረውር ኳሷ ከመሬት ነጥራ የመቺውን አገጭ ትፈልጋለች። ለመምታት ሲገባ ደግሞ እንደ ሰው ዙሪያውን አይቶ፣ ጓንቱን አስተካክሎ አይጀምርም፤ የመጀመሪያዋን ኳስ ከሜዳው አጥር ውጭ ይሰዳታል፤ ያቺም ስድስት ነጥብ ናት። አንድ ጊዜ አንድ ባላጋራው ጎድኑን ተመቶ ሲንበረከክ ሄስኬት ተጠጋና «አመመህ?» አለው። ሰውዬው ደግነት መስሎት «ትንሽ» ቢለው፣ «አይዞህ፣ ይብሳል» ብሎት ሊወረውር ተመለሰ። የሰው አገር ጋዜጦች «እብዱ» እያሉ ጻፉበት። ዶርካስ አንዱን ቆርጣ ግድግዳዋ ላይ ለጠፈችው፤ ቄሱ «ምነው እትዬ ዶርካስ፣ ይሄ እኮ ስድብ ነው» ቢሏት «በሰው አገር ስድብ ነው፤ እዚህ ሙያ ነው» አለቻቸው።

ይሁንና ወንድሟ ለደሴቶቹ ሲጫወት አንድም ቀን አላየችውም። አውሮፕላን አትሳፈርም። ጀልባ ደግሞ ገና ሳይነሣ ያስመልሳታል። ያላት ሬዲዮ ነው። ሄስኬት ከጉዞ ሲመለስ በከሰል የተጠበሰ የዳቦ ፍሬ የሚሉትን የዛፍ ፍሬና ዓሣ ታቀርብለትና «በል አሳየኝ» ትለዋለች። እሱም ጓዳው ውስጥ መጥረጊያ አንስቶ እያንዳንዷን ምት ያሳያታል። «እንዲያ አይደለም!» ትለዋለች። «በሬዲዮ የሚያወራው ሰውዬ ሌላ ነው ያለው።» «የመታሁት እኔ ነኝ ሰውዬው?» ተያይዘው ይጯጯሃሉ፤ ዓሣው ይቀዘቅዛል።

በመጨረሻ ጨዋታው ራሱ ወደ ዶርካስ መጣ። የፔሊካን ቤይ ሜዳ ታደሰና በደሴታችን ታሪክ የመጀመሪያው የአገሮች ግጥሚያ እዚሁ ይሁን ተባለ። የዶርካስ ግቢ ከሜዳው የግንብ አጥር ጋር ይዋሰናል፤ ወደ ሜዳው የሚያስገባውም መንገድ በደጇ ነው የሚያልፈው። አዲስ ቀሚስ አሰፋች፤ ሰፊ ኮፍያ ገዛች። ጨዋታው ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ የተመራጮቹ ስም በሬዲዮ ተነበበ። ላቦርድ የሚባል የለም።

ምክንያቱ በቀደመው ጨዋታ የሆነው ነገር ነው። ቡድን መሪው ተከላክለህ ብቻ ቁም ብሎት ሳለ ሄስኬት ኳሷን ሰማይ ላይ ሰቅሏት፣ መሬት ሳትነካ ተይዛበት ከጨዋታ ወጥቷል።

«ተከላከል አልተባልክም?» ብሎ ጮኸበት ቡድን መሪው።

«እኔ ተብያለሁ። ኳሷ ግን አልሰማችም፤ ዝም ብላ ትመጣለች» አለው ሄስኬት።

መራጮቹ ደግሞ የትልልቆቹ ደሴቶች ሰዎች ናቸው፤ የትንሽ ደሴት ልጅ አፍ ሲከፍት አይወዱም።

እሑድ ዕለት ዶርካስ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ቆመች። «ስሙኝ! ልጃችንን ጥለው ሜዳችንን ይፈልጋሉ? ባዶ ወንበር ይዩ! ከዚህ ሰፈር አንድ እግር እዚያ ቢረግጥ፣ ከእኔ ጋር ሰላምታ አበቃ፤ ለቀብሩም አልቆምለት!» ዓሣ አጥማጁ ማለ፣ ባለ ሱቁ ማለ፣ ቄሱም ትንሽ አንገራግረው ማሉ። ሄስኬት ይህን ሲሰማ አንጀቱ ራሰ። ይህን አይክድም። ያን ሌሊትም ጥሩ እንቅልፍ ተኛ።

የጨዋታው ዋዜማ ላይ ግን ከተመረጡት አንዱ በልምምድ ጣቱ ተሰበረ፤ ሲነጋጋ መኪና መጥቶ ሄስኬትን ወሰደው። እሱም ነጭ ልብሱን እንደለበሰ ሾፌሩን በእህቱ ደጅ አስቆመው።

«ዶርካስ! ገብቻለሁ! ተነሺ፣ ቀሚስሽን ልበሺ!»

በሩን ገርበብ አደረገችው። «ማን አስገባህ?»

«እነሱው ናቸዋ! ሰውዬው ጣቱ ተሰብሮ!»

«ወጥመድ ነው።»

«የምን ወጥመድ?»

«ባለፈው ሳምንት ለምን አልተሰበረም? ትኬት አልሸጥ ሲላቸው ነው ጣት የሚሰበረው?»

«እሺ፣ ወጥመድ ይሁን። እኔ ግን እጫወታለሁ። ነይና እይኝ።»

«ሰዉን ሁሉ በእግዜር ቤት ደጅ ያስማልኩ ሴትዮ መጀመሪያ እኔ ዘው ልበል? ይቅርታ ይጠይቁን፤ በድምፅ ማጉያ ይጥሩን፤ ያኔ እመጣለሁ።»

«ያደምሽው ለእኔ ነው ለራስሽ?»

በሩን ድርግም አደረገችበት።

እናም ሄስኬት ላቦርድ በተወለደበት ሰፈር፣ በሕይወቱ አንዴ፣ ለባዶ ወንበር ተጫወተ። ፖሊሶች ነበሩ። ከመርከብ የወረዱ ጥቂት ቱሪስቶች ነበሩ፤ እነሱም ፀሐዩ ሲበረታባቸው ሄዱ። አንድ ኦቾሎኒ ሻጭ «ኦቾሎኒ!» እያለ ለራሱ ይጮኻል። የሰፈሩ ወንድ በሙሉ ባለ ሱቁ ዘንድ ሬዲዮ ከቦ፣ «አንተ ቅደምና እንከተልሃለን» ይባባላል። የሚቀድም ጠፋ። አንዱ ብቻ ፍየል የሚፈልግ መስሎ እስከ ዶርካስ ደጅ ሄደ። ዶርካስ ወንበሯን አውጥታ፣ ጀርባዋን ለሜዳው ሰጥታ፣ ቆንጨራ ይዛ ሸንኮራ ትቆርጣለች።

«እትዬ ዶርካስ፣ ፍየሌን አይተሻታል?»

«ፍየልህ ክሪኬት አትወድም። ተመለስ።»

ተመለሰ።

ጠዋት ሄስኬት ሲወረውር የእንግዳውን ቡድን መቺዎች አንድ በአንድ ከጨዋታ አስወጣቸው፤ የሚጮኽለት ግን የለም። ከሰዓት በኋላ ለመምታት ሲገባ ንዴቱ እጁ ላይ ደርሶ ነበር። የመጀመሪያዋን ኳስ በወንበሮቹ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አሳረፋት፤ የቆርቆሮው ድምፅ ብቻውን ሜዳውን ዞረው። ስድስት በመታ ቁጥር ዞር ብሎ ያያል፤ ወንበር ነው፣ አሁንም ወንበር። ያጨበጨበለት ሰው ቢኖር የእንግዶቹ አምበል ነው፤ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰውዬ። ሄስኬትን ግን ይህም አበሸቀው፤ የጠላት ጭብጨባ ማን ፈለገ?

መቶ ነጥብ፣ ያ የመቺ ሁሉ ሕልም፣ ሊሞላለት ጥቂት ሲቀረው አንዷን ኳስ እንደ እርግማን ሰደዳት። ግንቡን አልፋ ዶርካስ ግቢ ወደቀች። ከእንግዶቹ አንዱ ሮጦ በግንቡ ላይ አንገቱን ብቅ አደረገ።

«እመቤቴ፣ ኳሳችንን ቢያቀብሉን?»

«የምን ኳስ?»

«እግርዎ ሥር ያለችዋ።»

«አድማ ላይ ነን» አለችው፣ ዞር እንኳ ሳትል።

ነገሩ እንዲህ ሲሆን ዳኛው ሌላ ኳስ አወጣ። ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ሄስኬት ግን መምቻውን ይዞ ወደ ግንቡ መራመድ ጀምሯል።

«ላቦርድ፣ ተመለስ! ሌላ ኳስ አለን!» አለው ዳኛው።

«እኔ ሌላ እህት የለኝም!» ብሎ ዘለለ።

«ስጪኝ!» አላት፣ አጠገቧ ቆሞ እያለከለከ።

«አልሰጥም።»

«ስንት እንዳስቆጠርኩ ታውቂያለሽ?»

«ዘጠና አራት። ሬዲዮ አለኝ።»

«ሬዲዮ! እዚህ ግንብ ማዶ እያለሁ በሬዲዮ? ዙሪና እይኝ! ከዚህ በኋላ አንድ ኳስ ብቻ፣ አንድ!»

«ከዞርኩ አፈረስኩት ማለት ነው።»

«ይፍረሳ!»

«አንተ ልጅ፣ ተመለስ። ሰው ያያል።»

«ሰው?» አለ ሄስኬት። ድምፁ ሱቁ ድረስ ተሰማ። «የታል ሰው? ሰው የት አስቀረሽልኝ?»

ዶርካስ ሸንኮራዋን አየች። አልዞረችም። እሱም ኳሷን እዚያው ትቷት ግንቡን መልሶ ዘለለ።

ሲመለስ ዳኛውና የእንግዶቹ አምበል መሐል ሜዳ ላይ ቆመው ጠበቁት። ሕጉ እንዲህ ነው፤ መቺ ሳይታመም፣ ሳይጎዳ፣ በገዛ ፈቃዱ ሜዳውን ትቶ ከሄደ፣ እንደገና የሚገባው የተጋጣሚው አምበል እሺ ካለ ብቻ ነው። አምበሉ መነጽሩን አወለቀ።

«ከጠዋት ጀምሮ ልናስወጣህ ያልሞከርነው ነገር የለም። አልቻልንም። አሁን ራስህ ወጥተሃል። አልመልስህም።»

ሄስኬት መምቻውን እየጎተተ ከሜዳው ወጣ። ቡድኑ በጥቂት ነጥብ ተሸነፈ። መራጮቹም «ከቤተሰቡ ጋር ለመጣላት ጨዋታ ጥሎ የሚሄድ» የሚል ምክንያት እንደ ስጦታ ተቀበሉ፤ ከዚያ በኋላ ስሙ በሬዲዮ አልተነበበም።

አሁን ሚኒባስ ይነዳል። ጠባዩን የሚያውቅ ተሳፋሪ አፉን ዘግቶ ይሳፈራል። የማያውቅ፣ ወይም መጠጥ የቀመሰ፣ ከኋላ ሆኖ «ጋሼ ሄስኬት፣ ያን ዕለት እኮ እኔም ነበርኩ! ያቺን ቆርቆሮው ላይ ያሳረፍካትን በዓይኔ!» ይላል። ሄስኬት ፍሬን ይይዛል።

«የት ተቀምጠህ ነበር?»

«እ... በዚያ በጥላው በኩል።»

«ውረድ።»

«ዳገት ላይ?»

«ዳገት ላይ ውረድ!»

ባለ ሱቁን አውርዷል። ቄሱንም ከነመጽሐፍ ቅዱሳቸው አውርዷቸዋል። ያኔ ያልተወለዱ ልጆች እንኳ «ነበርን» ይሉታል። ዛሬ ያን ቀን «ነበርኩ» የሚለው ሰው ሁሉ ቢገባ ኖሮ ሜዳው አይበቃውም፤ ግማሹ ባሕር ይገባ ነበር።

«አላየሁም» የምትል አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ዶርካስ። ዓመት ሙሉ ተኮራርፈው ከታረቁ በኋላ፣ ሰው ባነሣባት ቁጥር «ጀርባዬን ሰጥቼ ሸንኮራ ስቆርጥ ነበር፤ አላየሁትም፣ ጅል ነበርኩ» ትላለች። ሄስኬት ምሳውን እሷ ቤት የሚበላው ለዚህ ነው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሲዋሽበት፣ ሳይናደድ የሚቀመጥበት ያ ጠረጴዛ ብቻ ነበር።

ባለፈው ዓመት ከሜዳው ወንበሮች አንዱ ወገን በሄስኬት ስም ይሰየም ተባለና ከሬዲዮ ጣቢያ አንዲት ልጅ መቅረጫ ይዛ መጣች። ዶርካስ ቤት ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል፤ ሄስኬት ጥግ ላይ ዓሣውን ይበላል።

«እማማ ዶርካስ» አለች ልጅቷ፣ «ያን ዕለት ሲጫወት አይተውታል?»

ዶርካስ አርጅታለች። ዓይኗ ደክሟል። ጎረቤቱን አየች፤ ሁሉም አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል።

«እንዴታ!» አለች። «ግንቡን ተደግፌ! የመጀመሪያዋ ቆርቆሮው ላይ፣ ጓ! ሁለተኛዋ በዳኛው ራስ ላይ...»

«እኔ በግራሽ ነበርኩ» አለ ባለ ሱቁ።

«አዎ፣ በግራዬ ነበርክ።»

«ዶርካስ» አለ ሄስኬት።

«ዝም በል አንተ፣ እየተናገርኩ ነው። ሦስተኛዋ...»

ሄስኬት ሳህኑን ገፋ። ተነሣ። ጎረቤቱ ሁሉ እንደ ሚኒባሱ ውረዱ የሚል መስሎት ወደ በሩ ሸሸት አለ። እሱ ግን አልጮኸም፤ ይህ ነው ያስፈራቸው።

«ያን ዕለት ያየኝ አንድ ሰው ነው» አለ። «እሱም አጨብጭቦልኝ ኋላ ያባረረኝ ባለ መነጽሩ አምበል ነው። ወንበሩን በእሱ ስም ሰይሙት።»