የመምህር ባንተአምላክ ካልሲየም

መምህር ባንተአምላክን ቢቸና ውስጥ የማያውቀው የለም። የትምህርት ቤታችን የኬሚስትሪ መምህር ነው፤ የቤተ ሙከራውን ቁልፍ ከማተቡ ጋር አስሮ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። እኔ ባዮሎጂ ስለማስተምር ማይክሮስኮፕ እንዲያውሰኝ ስለምነው ኖሬያለሁ። መልሱ ያው ነው፦ «ንብረት ነው፤ ቢሰበር ማን ይጠየቃል?» ራሱ አይበላ፣ ሌላ አያስበላ!

ሙከራ በእሱ ዘንድ ጩኸት ነው። ልጆቹን እንደ ቆሎ ተማሪ እያስጮኸ «ቤሪሊየም፣ ማግኒዚየም፣ ካልሲየም፣ ስትሮንቲየም፣ ባሪየም፣ ራዲየም! ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ኃይላቸው ይብሳል! ሁለት ኤሌክትሮን ለመስጠት ይቸኩላሉ!» ያስብላቸዋል። ስለ መስጠት የሚያስተምረው እሱ መሆኑ ነው የሚያናድደኝ። ጠመኔ እንኳ የማያውስ ቆንቋና!

ዘንድሮ እፀገነት የምትባል ተማሪው ሞጣ ላይ ለሚደረገው የትምህርት ቤቶች ውድድር ተመረጠች። ያሸነፈ ባሕር ዳር ይሄዳል፤ ልጅቱ ከጉንደ ወይን ወዲያ ሄዳ ስለማታውቅ እንቅልፍ አጣች። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ማግኒዚየም ዝም ሲል ካልሲየም እንዴት አረፋ እንደሚደፍቅ ጎን ለጎን ልታሳይ ነው። አስቀድማ አንዴ ልሞክረው ብላ ለመነችው።

«ያልቃል» አላት።

በውድድሩ ቀን የካልሲየሙን ብልቃጥ በነጠላ ጠቅልሎ ሞጣ ድረስ አቅፎት ሄደ። እኔም አብሬ ነበርኩ። ዳኞቹ ፊት ሲከፍተው ክዳኑ ላልቷል፣ መጠበቂያው ዘይት ደርቋል፣ ውስጡ ነጭ ዱቄት ሆኗል። እፀገነት ውሃው ውስጥ ጨመረችው። አንዲት አረፋ እንኳ አልወጣችም። ውሃው እንደ አሬራ ነጣ።

«ግድግዳ ልትቀባ ነው እንዴ?» አለ አንዱ የሞጣ ተወዳዳሪ፤ አዳራሹ በሳቅ አውካካ።

ባንተአምላክ ሳያፍር ልጅቱ ላይ ጮኸባት። «ምን ነካክተሽው ነው?»

«መቼ አስነክተውኝ ያውቃሉ፣ መምህር?» አለች እንባዋን እየዋጠች። «ካልሲየም አየር ካገኘው ኖራ ይሆናል። ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።»

ባሕር ዳር የሄደው ያ የሞጣ ልጅ ነው። ባንተአምላክ ግን ቢቸና እንደገባን ብልቃጡን መልሶ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ቆለፈበት። ጠጋ አልኩት።

«ከዚያ ኖራ ቆንጠር አድርገህ ስጠኝ፤ ግድግዳዬን ልቀባበት።»

ቁልፉን ወደ ሸሚዙ ውስጥ ከተተ።

«ያልቃል» አለኝ።