ከሐዳስ በርሜል ላይ የላጥሁት ወረቀት

ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናገርሁም። ስንት ጊዜ ንስሐ ገብቼ ትንንሹን ኃጢአት ዘርዝሬ፣ ይህን ግን ውጬ ተመልሻለሁ። ዛሬ ለእናንተ እናዘዛለሁ።

ቆቦ ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። ጎረቤቴ ሞላ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሚስቱ ሐዳስ የዋጃ ልጅ ናት። አንድ ቀን ሞላ ከአንድ ጫማ ፋብሪካ ባዶ ሰማያዊ በርሜል አመጣላት። ቧንቧችን በሳምንት አንዴ ቢመጣ ነውና ሐዳስ ደስታዋን አልቻለችውም። ያሳሰባት በርሜሉ ላይ በተለጠፈው ወረቀት የተሳለው የሞተ ዓሣ ብቻ ነበር።

«መምህር፣ ዓሣ ተጭኖበት ነው እንዴ? ሽታው አይለቅም ብዬ ፈራሁኮ» አለችኝ።

ጎረቤቱ ሁሉ ቆሞ ይሰማል። ከዓሣው አጠገብ ደረቱ እንደ ኮከብ የተሰነጠቀ ሰው ሥዕል አለ፤ ከሥሩ «ዳይቢዩታይል ፋታሌት» ይላል። የፕላስቲክ ማለስለሻ መሆኑን ከማንበብ በቀር ስለ እሱ የማውቀው አልነበረም። ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አላውቅም ማለት ሞቴ ነው።

«ዓሣም የለበት። በአመድ ፈትጊው፣ በወይራ አጥኚውና ውሃ ሙዪበት» አልሁ። እኔ ነኝ ያልሁት።

በማግስቱ መጽሐፍ አገላበጥሁ። ቀለም የለውም፣ ሽታው እዚህ ግባ አይባልም፣ ዘይት ዘይት ይላል። ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም፤ ከውሃ ስለሚከብድም ከሥር ይተኛል። ወይራ ሽታ ያባርር እንደሆነ እንጂ ይህን ምን ያደርገዋል? የአደጋው መደብም በግልጽ ተጽፏል፦ በማኅፀን ያለ ልጅን ሊጎዳ ይችላል፤ ለውሃ እንስሳት መርዝ ነው። ዓሣው የተሳለው ለዚህ ነበር።

ልነግራት ሄድሁ። በርሜሉ ታጥቦ፣ ታጥኖ፣ ሞልቷል። ሐዳስ «የተማረ ጎረቤት ይስጣችሁ» እያለች በጎረቤት ሴቶች ፊት ታመሰግነኛለች። ወኔዬ ከዳኝ። ሴቶቹ ሄደው እሷ ቁርስ ልታመጣልኝ ስትገባ፣ ሌላ የሚያነብ እንዳይመጣ ወረቀቱን በጥፍሬ ላጥሁት። አጣጥፌ ኪሴ ከተትሁት። ያመጣችልኝንም በላሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

በዚያው ዓመት አስወረዳት። በዓመቱ ደግሞ የአምስት ወር ጽንስ ወጣባት። በርሜሉ ነው ብዬ መማል አልችልም፤ አይደለም ብዬም አልምልም። መንደሩ ግን ሾተላይ አለባት አለ። ሞላም አፋቱኝ ብሎ ሽማግሌ ሰበሰበ፤ አንዱ ሽማግሌ እኔ ነበርሁ።

ሐዳስ ዓይን ዓይኔን ታያለች። የተማረ ሰው «ይህ ሾተላይ አይደለም» እንዲልላት ነበር የምትጠብቀው። ዝም አልሁ። ሞላ ጥርጣሬዬን ቢሰማ ኖሮ ላይፈታት ይችል ነበር፤ እያወቅሁ ዝም አልሁ። ዕቃ ስናካፍል በርሜሉ ለእሷ ደረሰ። ያኔም ዝም አልሁ።

በርሜሏን በጋሪ አስጭና ወደ ዋጃ ስትሄድ ቤቴ ድረስ መጥታ ተሰናበተችኝ።

«የወለዱት ይደግልዎ፣ መምህር። ለእኔስ አልፈቀደልኝም» አለችኝ።

አሜን አልሁ።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅር ማለት የእሷ ነው፤ እሷ ደግሞ እስከ ዛሬ ጥፋቱ የራሷ ሆድ ይመስላታል።