ሐሙስ ሐሙስ ቢላዋ የሚሠሩ ሰዎች

ከጎንደር ስነሣ ለሰው ሁሉ የነገርሁት «ገብስ ልገዛ ዳባት እሄዳለሁ» ብዬ ነው። እህል ነጋዴ ነኝና የጠረጠረ አልነበረም። እውነተኛው ምክንያት ግን ልጄ ጥሩወርቅ ናት። ደባርቅ ጤና ጣቢያ ቁስል የሚያክም ታከለ የሚባል ድሬሰር ሽማግሌ ልኮ፣ እኛም እሺ ብለን፣ ሠርጉ ለጥር ተቆርጦ ነበር። የነቢያት ጾም በገባ ሰሞን አንድ የወገራ ነጋዴ ለታላቅ ወንድሜ ለደስታ ወሬ አቀበለው፤ «ያ አማቻችሁ ከብረት ቀጥቃጭ ቤት ፊቱ ጥላሸት ለብሶ ሲወጣ በዓይኔ አይቼዋለሁ» ብሎ።

ወንድሜ በዚያው ቀን መጥቶ «ቀጥቃጭ ከሆነ ሠርጉ ቀረ፤ ቡዳ ከቤታችን አይገባም» አለ። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው በዓይኑ ሰው ይበላል ይባላል። ማረሻችንን ይሠራልናል፤ ከማዕዳችን ግን አናስቀርበውም። እኔም በዚህ ወሬ ያደግሁ ነኝ፤ አልክድም። ነገር ግን ፊደልን ያለ መምህር፣ በራሴ ድካም የለየሁ ሰው ነኝና ሰው ያነበበልኝን ብቻ መቀበል አይሆንልኝም። «ሄጄ ሳላይ አልፈርድም» አልሁት። ጥሩወርቅ ከጓዳ ሆና ትሰማ ነበር። ለመንገዴ የቋጠረችልኝ ቆሎ ከወትሮው የበዛ ነበር።

ከጎንደር እስከ ዳባት

ጨው የጫነ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና አግኝቼ፣ ሁለት ብር ከፍዬ ጋቢና ገባሁ። ሾፌሩ በላይ ይባላል፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ መሪውን በአንድ እጁ የሚይዝ ሰው ነው። መንገዱ ጣሊያን የሠራው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ክረምቱ ቦርቡሮታል። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ውርጩ ከሣሩ ላይ ገና አልለቀቀም ነበር። በግራም በቀኝም ገበሬው አውድማ ላይ ነው፤ የገብሱ ገለባ በነፋስ እየመጣ ከመስኮታችን ይገባል።

መኪናው ሲቆም በላይ ከመቀመጫው ሥር ዳቦ አወጣና በአንዲት አጭር ቢላዋ መቁረስ ጀመረ።

«ጾም አይደለም እንዴ?» አልሁት።

«መንገደኛ ነኝ፣ አባቴ! ደግሞ ሊማሊሞ ቁልቁለት ላይ የምጾመው ይበቃኛል። እዚያ እንኳን ዳቦ፣ ምራቅም አይወርድ።»

በጾም ቀልድ አልወድም። ዓይኔ ግን ከቢላዋዋ አልነሣ አለ። ስለቷ ቀጭን፣ ጀርባዋ ወፍራም፣ እጀታዋ ጥቁር የበሬ ቀንድ ነው። የገበያ ዕቃ አትመስልም።

«ከየት ገዛሃት?»

«ይቺ ትገዛለች? ይቺ የዚሁ መኪና ባሌስትራ ናት፤ ጭነቱን የሚሸከመው ብረት። ሊማሊሞ ላይ ተሰብሮ የፊት ጎማዬ ገደል አፋፍ ላይ ቆመ። ስባሪውን ይዤ ወደ ቤቴ ገባሁ። ሊገድለኝ የነበረውን ብረት ዛሬ ዳቦ አስቆርሰዋለሁ።»

«ቀጥቃጭ ነህ ማለት ነው?»

«ኧረ በስመ አብ በሉ! እኔ ሾፌር ነኝ። ሦስት ነን፤ ሐሙስ ሐሙስ ዳባት እየተገናኘን ለራሳችን እንሠራለን። አንዱ ቅኔ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው። ሌላው ታከለ የሚባል የደባርቅ ድሬሰር ነው። እኔና መሪጌታ እንፍጨረጨራለን፤ የሚሠራው እሱ ነው።»

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርሁ። ማንነቴን አልነገርሁትም። «ትሸጣላችሁ?» አልሁት።

«አንሸጥም። ከሸጥንማ ቀጥቃጭ ሆንን!» ብሎ ሳቀ። «ለወዳጅ እንሰጣለን። አሁን ጾም ነው፣ ቢላዋ ሁሉ ያረፈበት ጊዜ ነው፤ ለገና ግን ማን በማን ቢላዋ እንደሚያርድ ያያሉ።»

ዕለቱ ሐሙስ ነበር። «መጥቼ ባይ ምን ትላለህ?» ብዬ ስጠይቀው «ጥላሸት ካልፈሩ ይምጡ» አለኝ።

ዳባት

ለሰው የነገርሁትን ውሸት ላለማድረግ ከእህል በረንዳው ጎራ ብዬ የገብሱን ዋጋ ጠየቅሁ፤ ተወዷል። ከዚያ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ መንደር ወረድን። ነዋሪዎቹ ራሳቸውን ቤተ እስራኤል ይላሉ፤ የእኛ ሰው ሌላ ስም ያወጣላቸዋል። የብረት ቤቱ ባለቤት አቶ አድማሱ ይባላሉ፤ ሽበት የወረሳቸው፣ ክንዳቸው ግን የጎረምሳ ክንድ ነው።

ለምን ሐሙስ እንደሆነ ጠየቅሁ። በላይ በጣቱ እየቆጠረ አስረዳኝ። ቅዳሜ አቶ አድማሱ እሳት አይነኩም፤ ዓርብም ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ እሳታቸውን ያጠፋሉ። እሑድ ደግሞ የእኛ ነው። ከቀረው ቀን ላይ ታቦት የሚከበርበትን ቀንሱ፣ የሾፌሩን መንገድና የመሪጌታን ጉባኤ ቀንሱ፤ የሚተርፈው ሐሙስ ብቻ ነው፤ እሱም ሁልጊዜ አይተርፍም።

መሪጌታ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በር ላይ ተቀምጠው ቀንድ ይፍቃሉ። ታከለ አልነበረም።

«አንድ ገበሬ ማጭድ እግሩን ቆርጦት መጣበት» አሉ መሪጌታ።

«ማጭዱ የእኔ ሥራ ይሆናል» አሉ አቶ አድማሱ ከወናፉ ኋላ። «እኔ ስዬ እሰዳለሁ፣ እሱ ይሰፋል። ሁለታችንም ሥራ አልፈታን።»

ሥራቸውን ሳይ ዋልሁ። ብረቱ እሳት ውስጥ ገብቶ እንደ ብርቱካን ሲቀላ ይወጣል፣ ይመታል፣ ይመለሳል። አንድ ነገር አስተዋልሁ። አቶ አድማሱ ያቃኑትን ብረት ለበላይ በእጃቸው አይሰጡትም። መካከላቸው ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ያስቀምጡታል፣ እሱ ከዚያ ያነሣዋል። የእነሱ ሥርዓት እኛን መንካት ይከለክላል፤ የእኛም ሰው እነሱን ይጠየፋል። ድንጋዩ ለሁለቱም ወገን ይሠራል።

«መሪጌታ፣ እርስዎ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነዎት። ይህ ምን ያደርግልዎታል?» አልኋቸው።

«ቀኑን ሙሉ የተማሪ አፍ ሳርም እውላለሁ፣ ወንድሜ። ዛሬ ያረምሁትን ነገ እንዳለ ይመልስልኛል። ቀንድ ግን አንዴ ከተፋቀ ተፋቀ ነው፤ አይመልስልኝም።»

ወደ ባለቤቱ ዞርሁ። «እነዚህ ሰዎች ለጨዋታ ሲመጡብዎ አይከፋዎትም?»

«ምን ይከፋኛል? ከሰል ይዘው ይመጣሉ፣ ያጫውቱኛል። ታከለማ እንደ ልጅ ነው፤ ያለኝን ሁሉ አስተምሬዋለሁ።» መዶሻቸውን አስቀመጡ። «ነገር ግን ጌታው፣ እነሱ ወደ ማታ ወንዝ ወርደው ሲታጠቡ ጥላሸቱ ይለቃል፤ አንዱ ሾፌር፣ አንዱ መሪጌታ ሆኖ ይሄዳል። እኔም እታጠባለሁ፤ ከእነሱ ይልቅ እታጠባለሁ። ከእኔ ላይ አይለቅም።»

በላይ ሊቀልድ የነበረውን ትቶ ወናፉን ያዘ። መሪጌታ ቀንዳቸውን ማየት ያዙ።

ደባርቅ

በማግስቱ ጤና ጣቢያው ስደርስ ታከለ ነጭ ካፖርት ለብሶ፣ የትናንቱን ገበሬ ቁስል ያጥብ ነበር። ቀጠን ያለ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው።

«ቀስ በል ልጄ፤ ትናንት ሰፍተህ ጆንያ አደረግኸኝ እኮ!» ይላል ገበሬው።

«ጆንያ አይጮህም፣ አባባ።»

የጥሩወርቅ አባት መሆኔን ስነግረው ጆሮው ድረስ ቀላ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ወደ ተከራየው ቤት ወስዶ ሽሮና ጎመን ከዳቦ ጋር አቀረበልኝ። ቤቱ ንጹሕ፣ አልጋው የተነጠፈ ነው። ይህን ወደድሁ። ዳቦውን የቆረሰበት ቢላዋ ግን ከበላይ ቢላዋ በእጅጉ የሚበልጥ ነበር።

«ይህ የማን ሥራ ነው?» አልሁት።

«ከ... ከገበያ የገዛሁት ነው።»

«ከየትኛው ገበያ?»

«ከጎንደር።»

«ጎንደር የምኖረው እኔ ነኝ። እንዲህ ያለ አላየሁም።» ቢላዋውን ወደ ጎን ገፋው። «ልጄ፣ የመጣሁት በበላይ መኪና ነው። ትናንትም ከአቶ አድማሱ ዘንድ ዋልሁ።»

የያዘውን ጉርሻ መለሰው። ተነሥቼ ጋቢዬን ደረብሁ። «የመጣሁት ቀጥቃጭነትህን ለማየት ነበር፤ ያየሁት ውሸትህን ነው» አልሁት።

በሩ ላይ ስደርስ «አባቴ፣ እርስዎስ ለምን መጡ?» አለኝ።

አፌ ለምዶ «ለገብስ» አለ።

«ገብስ ዳባት ነው እንጂ ጤና ጣቢያ አይሸጥም።»

ልቆጣው አሰብሁ። ቁጣው ግን ወደ ራሴ ዞረ፤ ሳቄ ቀደመኝ። ተመልሼ ተቀመጥሁና ምግባችንን ጨረስን።

ሳይመሽ እስከ ሊማሊሞ አፋፍ አብረን ሄድን። መሬቱ በድንገት ያልቃል፤ ከሥር ተራራው በተራራ ላይ ተደራርቦ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ ወደ ዛሪማ የሚወርዱት መኪኖች እንደ ጉንዳን ሆነው ይታያሉ። እዚያ ቆመን «እውነቱን ብነግርዎ ኖሮ ይሰጡኝ ነበር?» ሲል ጠየቀኝ።

እሰጥህ ነበር ማለት አምሮኝ ነበር። «አልሰጥህም ነበር» አልሁት።

«እንግዲያ ምን ላድርግ? መዋሸቴ አሳፍሮኛል። መተው ግን አልቻልሁም። ጤና ጣቢያ የማክመው ሰው በቃሬዛ ይመጣል፣ በቃሬዛ ይሄዳል፤ ሩቅ ካለው ከአምባራስ የመጣ ሰው ይዳን ይሙት የሚነግረኝ የለም። ቢላዋ ግን ጀምሬ እጨርሳለሁ። ዳነ አልዳነ እያልሁ አላድርም።»

ይህ መልስ ልቤን ነካው። ቢሆንም ሳልገሥጸው አላለፍሁም። «እጅህ ሠርቶት አፍህ የሚክደው ነገር ከሆነ ወይ እጅህ ወይ አፍህ ኃጢአት አለበት። የቱ እንደሆነ ለይ። ከለየህ በኋላ ሽማግሌዎቼ ፊት ቀርበህ ትናገራለህ።»

«እናገራለሁ። ይቀበሉኛል?»

«አላውቅም።»

ቤት

ጎንደር የደረስሁት ቅዳሜ ነው። ከሁሉ አስቀድሜ ልጄን ጠርቼ ያየሁትን ሁሉ ነገርኋት፤ ውሸቱንም የእኔንም ገብስ አልደበቅሁም።

«ለእኔ አልነገረኝም» አለች ቀስ ብላ።

«ፈርቶ ነው።»

«እኔን ነው የፈራው ወይስ እርስዎን?»

«እኔን። አጎትሽንም።»

«እንግዲያ እኔ ራሴ እጠይቀዋለሁ። እርስዎ ግን ስለ ብረቱ አይከልክሉት።»

ወንድሜ ደስታ በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ መጣ። ጠላ ቀረበለት። «ቀጥቃጭ ነው አይደለም?» አለኝ ገና ሳይቀመጥ።

አይሸጥም፣ ለወዳጅ ብቻ ይሰጣል ብዬ ላመልጥ እችል ነበር። የአቶ አድማሱ «ከእኔ ላይ አይለቅም» ማለት ግን ከጆሮዬ አልወጣ አለ። «ይቀጠቅጣል። ቢሸጠውም ባይሸጠውም ያው ብረት ነው። ልጄን እሰጠዋለሁ» አልሁት።

ወንድሜ ጠላውን ሳይቀምስ ተነሣ። «ሠርጉ ላይ አትጠብቀኝ» ብሎ ወጣ። ይመለሳል ብዬ አስባለሁ፤ ባይመለስም ቃሌን አላጥፍም።

እነሆ ከዚህ መንገድ የተማርሁት ይህ ነው። ልጆቻችንን አትዋሹ እያልን እናሳድጋለን፤ እውነቱን የተናገረውን ግን ከማዕድ እናስነሣለን። ከዚያ በኋላ ቢዋሹን አስተማሪዎቹ እኛ ነን። ሰው ከቀን ቀን የሚሠራው ደመወዝ የሚከፈልበትን ነው፤ የሰውየውን ልብ ላውቅ ብል ግን ሐሙስ ምን እንደሚሠራ መጠየቅ ነበረብኝ።

ለወንድሜ ቁርጡን ነግሬ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ጥሩወርቅ የወንድሜን ዋንጫ ስታነሣ «አባባ፣ ያስተማሩት ሰውዬ፣ አቶ አድማሱ፣ ለሠርጉ ይጠራሉ?» አለችኝ።

«የእኛን ምግብ አይበሉም፣ ልጄ። የእኛም ሰው አጠገባቸው አይቀመጥም።»

«አይብሉ። ይጠሩ ግን።»

ወንድሜ የተነሣበትን መቀመጫ ወደ ቦታው መለስሁ። ከዚያ «እሺ» አልኋት። ወንድሜ ይህን ገና አልሰማም።