የሻይ ቤቷ ጽሑፍ

ባለፈው ሳምንት ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ስመለስ አውቶቡሱ ሐሙሲት ላይ ቆመ። ዝናቡ ማባራቱ ነው፤ የተጠበሰ በቆሎ ይሸታል። በመስኮት የሱቆቹን ማስታወቂያ አየሁ፤ ሁሉም በማሽን የታተሙ፣ መልካቸው አንድ። ያ የወጣትነቴ ክረምት ትዝ አለኝ።

ያኔ ሕንድ አገር የፊደል ቅርጽ ንድፍ እማር ነበር። መምህራችን «አገራችሁን ያለ ሥዕል፣ በፊደሏ ብቻ አሳዩኝ» ብለው ለዕረፍት ሰደዱን። እኔም ከጣና ዳሯ ደልጊ የጀልባ ስሞችን፣ ከመሸንቲ የወፍጮ ቤት ጽሑፍ በስስ ወረቀት ገልብጬ ሐሙሲት ደረስሁ።

አንዲት ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ በሰማያዊ ቀለም «እንኳን ደህና መጡ» ተብሎ ተጽፏል። ወረቀቴን ለጥፌ በሜትር መለካት ጀመርሁ። ባለቤቷ ወይዘሮ የሺ ማንቆርቆሪያ እንደያዙ ወጡ።

«ምንድን ነው የምትለካው?»

«ጽሑፉን ነው፣ እናቴ።»

«ቤት ሊያፈርሱ ሲመጡም እንዲሁ እየለኩ ነው!»

ጩኸታቸውን የሰሙ ጎረምሶች ከበቡኝ። አንዱ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። ውጭ አገር ፊደል እንደምማር ብናገር ነገሩ ባሰ።

«ሀሁ ለመቁጠር ባሕር ማዶ ይኬዳል? ውሸታም!»

ከኋላ አንዱ ድንጋይ ሲያነሣ አየሁ። አፌ ደረቀ። ሌላ ማስረጃ ስላልነበረኝ ካፊያ እየወረደ ጥቅሌን ፈትቼ ወረቀቶቹን ጭቃው ላይ ዘረጋኋቸው። አንድ ዓሣ ነጋዴ ጎንበስ ብሎ አነበበ።

«ይኼ የአጎቴ ጀልባ ነው! ደልጊ ያለው!»

ክንዴን የያዘው እጅ ላላ። የወይዘሮ የሺ ፊት ግን አልተፈታም።

«የእኔን ለምን መረጥህ?»

«‹ጡ›ን አላዩአትም? እግሯን አንሥታ ወደ በሩ የምትገባ ነው የምትመስል።»

ማንቆርቆሪያውን መሬት ላይ አስቀመጡ። «ባለቤቴ ነው የጻፈው፤ ነፍሱን ይማረውና። ታሞ መቆም አቅቶት፣ ወንበር ላይ ሆኖ። በል ጨርስ፣ ዝናቡ ሳያበላሽብህ» አሉና የወረቀቱን ጫፍ ራሳቸው ያዙልኝ።

ሕንድ አገር ሥራዬ ሲታይ ሰዉ ቅርጹን አደነቀ። እኔ ግን ዓይኔ ላይ የሚመጡብኝ ወይዘሮ የሺ ነበሩ።

አውቶቡሱ ሲነሣ ሻይ ቤቷን በዓይኔ ፈለግሁ። መንገዱ ሰፍቶ ቦታዋን ወስዶታል፤ የፈሩት አልቀረም። ዛሬ ተማሪዎቼን ጽሑፍ እንዲሰበስቡ ስሰዳቸው፣ ካሜራ ከማውጣታቸው በፊት በሩን እንዲያንኳኩ እነግራቸዋለሁ። ውስጥ ሰው አለ።